ሳይጠየቅ ዋስ የሆነ ሕዝብ

በአባቶቻችን ወግ ዋስ የሚሆን ሰው በሸንጎ ፊት ቆሞ፣ በገዛ አንደበቱ ነው ዋስ የሚሆነው። ተበዳሪው ቢጠፋ ከራሱ በረት እንደሚከፍል ያውቃል። ዋሱ ሳይጠየቅ ዋስ የሆነበትን ታሪክ ያነበብሁት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በስፋት የምታንሰው ሮድ አይላንድ ከደረሰባት ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦስተን ሬድ ሶክሱ የቤዝቦል ተጫዋች ከርት ሺሊንግ በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመ፤ ኋላም በማሊያ ቁጥሩ «38 ስቱዲዮስ» አለው። ሕልሙ እልፍ ተጫዋቾች በኢንተርኔት የሚገናኙበት ምናባዊ ዓለም መፍጠር ነበር። በ2010 የሮድ አይላንድ የኢኮኖሚ ልማት ኮርፖሬሽን 75 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ሊያሰባስብለት ተስማማ። ኩባንያው በበኩሉ ከማሳቹሴትስ ወደ ፕሮቪደንስ ከተማ ሊዛወርና 450 የሥራ ቦታዎች ሊፈጥር ቃል ገባ። ሥራ አጥነት ላስጨነቃት ግዛት ይህ ታላቅ የምሥራች ነበር።

ቦንዱ ግን «የሞራል ግዴታ» የሚባለው ዓይነት ነው። ኩባንያው መክፈል ቢያቅተው ግዛቲቱ የምትያዘው በሕግ ሳይሆን በክብሯ ነው ማለት ነው። ስለዚህም የመራጩ ድምፅ አላስፈለገም፤ ዋስትናውን የፈቀደው ሕግም የኩባንያውን ስም አልጠቀሰም።

በ2012 መጀመሪያ «ኪንግደምስ ኦፍ አማሉር፦ ሬኮኒንግ» የተሰኘው ጨዋታ ለገበያ ቀረበ። ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ቢሸጥም ኩባንያውን ሊያድን አልቻለም። በሜይ ወር ዕዳውን በቀኑ ሳይከፍል ቀረ፤ በዚያው ወር ሠራተኞቹን በሙሉ አሰናበተ፤ በጁን ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። ያ ምናባዊ ዓለም የተጫዋች ዓይን ሳያየው ቀረ።

ብዙዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት በሺሊንግ ላይ ነው። «መንግሥት እጁን ይሰብስብ» ባይ ወግ አጥባቂ የመንግሥትን ዋስትና መሻቱ በእርግጥ ያስተዛዝባል። ነገር ግን ሰውየው የራሱንም ሀብት አጥቷል። እኔ የምወቅሰው በሰው ስም የፈረሙትን ነው። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2016 ባቀረበው ክስ መሠረት፣ ኩባንያው ጨዋታውን ለመሥራት ቢያንስ 75 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልገው ነበር፤ የተበደረው ግን 50 ሚሊዮን ብቻ ነው። ቀሪው ለመጠባበቂያ፣ ለወለድና ለቦንዱ ወጪ ተያዘ፤ ጉድለቱም ለቦንድ ገዢዎች በወጉ አልተነገረም። ታዲያ ጣሪያ እንደማይደርስለት እየታወቀ መሠረቱ የተጣለን ቤት መፍረስ «አደጋ» ልንለው እንችላለን?

ከኪሳራው በኋላ «ያልተዋስነውን ለምን እንከፍላለን?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሆኖም ባለሥልጣናቱ የግዛቲቱ የብድር ደረጃ እንዳይወድቅ ሰጉና ከሕዝብ ካዝና ከፈሉ። ኮርፖሬሽኑ በመሠረተው ክስ ወደ 61 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ቢመለስም፣ ወለዱና የጠበቃው ወጪ ሲታሰብ የቀረው በግብር ከፋዩ ጫንቃ ላይ ወድቋል።

መንግሥት ኢንዱስትሪን አይደግፍ ማለቴ አይደለም፤ ይደግፍ። ግን የተበዳሪውን ስም፣ የሚፈለገውን ገንዘብ ልክና ዕዳው ማን ላይ እንደሚያርፍ በአደባባይ ተናግሮ ይደግፍ። «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላል አገሬው። እጅ እድፉን ከመጥረግ ላይድን ይችላል፤ ቢያንስ ቀድሞ ይነገረው።