ለቡናው ጥላ፣ ለተማሪው ፀሐይ

ከጅማ ወደ አጋሮ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ቢቃኝ ቡናውን ለፀሐይ ተጋልጦ አያገኘውም። ሰሳው፣ ዋንዛው፣ ብርብራው ከላይ ሆነው ይከልሉታል። ጥላ ያጣ ቡና በአንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ አፍርቶ ቅርንጫፉ እንደሚደርቅ የጎማና የማና ገበሬ ከአባቱ ተምሯል። እዚያው መንገድ ዳር ያየኋቸው የትምህርት ቤት ግቢዎች ግን በአብዛኛው ገላጣ ሜዳዎች ናቸው። በፈረቃ በሚያስተምሩት ዘንድ የከሰዓቱ ተማሪ የሚሰለፈው ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው።

ችግኝ አልተተከለም አይባልም። አረንጓዴ አሻራ በተጀመረበት ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ብቻ፣ በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሮናል። ዳሩ ግን ሐምሌ ለትምህርት ቤት ምን ዓይነት ወር እንደሆነ እናውቃለን። ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው፤ መምህሩም እንዲሁ። አጥሩ በፈረሰበት በኩል የሰፈሩ ከብት ይገባል። ከከብት የተረፈውን የታኅሣሥና የጥር ድርቀት ይቀበለዋል፤ ያን ጊዜ ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው? ሪፖርቱ እንደሆነ ገና በክረምቱ ተልኳል! (የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ቆጥሮ የላከ ርእሰ መምህር ካለ እጁን ልጨብጠው እወዳለሁ።)

ባሕር ዛፍ የሚተክሉም አሉ። ለትምህርት ቤቱ ገቢ ያስገኛል፣ አልቃወምም፤ ነገር ግን ጥላው ስስ ነው፣ ቁመት ሲያወጣም ለአጣና ይቆረጣል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከ2001 ዓ.ም. አንሥቶ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር አማካይነት ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል፤ መምህራን «ስኩል ግራንት» የሚሉት ነው። መጽሐፍና ጠመኔ የቸገረው ርእሰ መምህር ከዚህ ላይ ለዛፍ ቢሰስት አይፈረድበትም። ስለዚህ ጥላ የራሱ የበጀት መደብ ያስፈልገዋል። ወጪው ደግሞ ችግኝ መግዣ አይደለም፤ ችግኙ ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው ሦስት ዓመት የሚዘልቅ አጥርና በበጋ ውኃ የሚያጠጣ ሰው ደመወዝ ነው። ቦታውም አስቀድሞ ይጠና፤ የከሰዓቱን ፀሐይ የሚከልል ዛፍ ከመሰለፊያው በስተምዕራብ መቆም አለበት። ሰሳው እስኪያድግ ድረስ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ ይበቃል።

የቡናው ገንዘብም ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከፍትሐዊ ንግድ ገበያ ባገኘው ተጨማሪ ክፍያ በአባላቱ ቀበሌዎች ትምህርት ቤቶችን አሠርቷል። እንዲህ ያለ ግንባታ ሲታቀድ የጥላ ዛፉና የሦስት ዓመት እንክብካቤው ከመማሪያ ክፍሉ ጋር በአንድ ውል ቢገባ ወጪው ከጣሪያው ቆርቆሮ አይበልጥም ባይ ነኝ። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም የችግኝ ቆጠራውን ከነሐሴ ወደ ሚያዝያ ያዛውሩት፤ በጋውን ያለፈው ስንት እንደሆነ ያኔ እናየዋለን።