ቆሞ የሚያጓራ መኪና





ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሐይቅን ከተማ አቋርጦ ወደ አምባሰል፣ ወደ ውጫሌ ይዘልቃል። መንገዱ ለንግዱም ለትምህርቱም በረከት መሆኑን የማይመሰክር የለም። ነገር ግን ከመንገዱ ዳር ቆሞ፣ አንድ ክንድ እንኳ ሳይራመድ፣ እያጓራ ጢስ የሚተፋው መኪና ብዛት ያሳዝናል።

ባለፈው የገበያ ቀን አንድ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ተሳፋሪ ሲጠብቅ አየሁ። በሰዓቴ ብቆጥር 35 ደቂቃ ሙሉ ሞተሩ አልጠፋም። ከጢስ ማውጫው በስተኋላ ሕፃን ያዘለች ሴት ሽንኩርት ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን እየጎተተች የልጁን ፊት ትሸፍናለች። ወደ ወጣቱ ሾፌር ቀርቤ፣ «ወንድሜ፣ አሁን የማትነሣ ከሆነ ስለ ምን አታጠፋውም?» ብለው፣ «መምህር፣ ካጠፋሁትማ ማን ይሳፈርልኛል? ሞተሩን ሲሰማ ነው ሰው የምንሄድ የሚመስለው» ሲል በቅንነት መለሰልኝ።

እንግዲህ ናፍጣው የሚቃጠለው መንገደኛን ለማድረስ ሳይሆን መንገደኛን ለማታለል ነው። ዋጋውንም ባለመኪናው በገንዘቡ፣ ያች እናት በልጇ ሳምባ ይከፍላሉ።

ትልቅ የናፍጣ ሞተር መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ግድም ይበላል። ይህም ነዳጅ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ዋጋው እንዴት እንደ ናረ ሁሉም በኪሱ ያውቀዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ተቋምም በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጢስ የሳምባ ነቀርሳ እንደሚያመጣ አስታውቋል።

ሾፌሮችም ምክንያት አላቸው። ማለዳ የፍሬን አየር እስኪሞላ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ባትሪው የደከመበት ወይም ሞተሪኖው የታመመበትም አጥፍቶ ማስነሣት ይፈራል። ይሁን እንጂ የደከመ ባትሪ የሚታደሰው በሕፃን ሳምባ አይደለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ መልካም ነው። በመንገዳችን የሚመላለሱት አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች ግን ገና ናፍጣ ጠጪዎች ናቸው። ሞተር ለማጥፋት ደግሞ አዲስ መኪና መግዛት አያስፈልግም፤ ቁልፍ ማዞር ይበቃል።

ስለዚህ ተራ አስከባሪዎች የመነሻውን ሰዓት በሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ሰዓቱ ከታወቀ የሞተር ጩኸት ለማንም ምልክት መሆኑ ይቀራል። ማዘጋጃ ቤቱም በመናኸሪያውና በትምህርት ቤቶች አጠገብ ከ3 ደቂቃ በላይ ሞተር አስነሥቶ መቆምን ደንብ አውጥቶ ይከልክል። እኛም ተሳፋሪዎች ሞተር በጮኸ ቁጥር አንሽቀዳደም፤ አጥፍቶ ከሚጠብቀን ሾፌር ዘንድ እንሳፈር።

በሚመጣው ገበያ ያች እናት ነጠላዋን ለፀሐይ ብቻ ብታውለው ለከተማችን ትልቅ ክብር ነው።


አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ