መውጫ የሌለው ሐይቅና እንግዶቹ

ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ፣ የሠርግ ወራት ሲገባ፣ ረዘም ያለ በዓል ሲገጥም ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐዋሳ የሚገባው ሕዝብ ብዙ ነው። እሰየው እንላለን። የጀልባ ነጂው፣ ዓሣ ጠባሿ፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ የሆቴሉ አልጋ አንጣፊ የሚኖሩት በእንግዳ ነው። ሐይቁ እንዴት ያለውን እንግዳ ይችላል የሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን በቅጡ አልተነሣም።

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጥቁር ውኃ ወንዝና ከየኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ይገቡበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ጣና በዓባይ በኩል ይተነፍሳል። ሐዋሳ የገባበትን አፈር፣ ሳሙናና ፕላስቲክ እንደያዘ ይቀመጣል። ከበላዩ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ በደለል ተሞልቶ ረግረግ መሆኑን የአካባቢው አዛውንቶች በዓይናቸው ያዩት ነው።

ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ የወረደ ሰው የሚያየው ውብ ነው። አጥማጆች መረባቸውን ያራግፋሉ፤ ልጆች ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ በስለታም ቢላ ቀርፈው ይሸነሽናሉ፤ አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች እግር ሥር ተሰልፈው አንጀቱን ይጠብቃሉ። ደፋሩ እንግዳ ጥሬውን በዳጣ ይቀምሳል። እዚያው አጠገብ ግን ባዶ ሃይላንድ ቄጠማው ውስጥ ይወረወራል፤ ለጦጣ ብስኩት ይታደላል፤ በብስኩት የለመደችው ጦጣም ነገ ከሕፃን እጅ ትነጥቃለች። ደህና አደራችሁ ሳይሉ ስልክ አውጥቶ የአጥማጁን ፊት ማንሣትም እየተለመደ ነው። ሰውየው ሥራ ላይ ነው። ሰላምታ ሰጥቶ ማስፈቀድ በቤታችን ያደግንበት ወግ ነው፤ ለሽርሽር ስንወጣ የምንተወው ለምንድን ነው?

በምግቡም በኩል እንግዳው ከሚያስበው በላይ ሥልጣን አለው። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ገና ያልደረሰውን ቆሮሶ ጠርጎ ያወጣል፤ በተለይ በዓቢይ ጾም ገበያው ሲደራ ገዢ አያጣም። መዳፍ የማታህል ዓሣ ተጠብሳ ስትቀርብ እንግዳው በትሕትና ቢመልሳት፣ አስተናጋጁ ለወጥ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ ለነጋዴው፣ ነጋዴውም ለአጥማጁ ይናገራል። ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይህ ይሰማል ብለን እናምናለን።

ጉማሬ ለማየት ጀልባ የሚከራዩትም ነጂውን «ጠጋ በል፣ ጠጋ በል» እያሉ ጉርሻ ይጨምሩለታል። ጉማሬ ሲጨነቅ ጀልባ ይገለብጣል። «አልጠጋም» ያለው ነጂ ነው ጉርሻው የሚገባው። ይኸው እንስሳ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ መሬቱ እስከ ውኃው ጠርዝ ከታጠረ የት ይግጣል? አጥማጁስ በየት በኩል ይወርዳል? በዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፤ የሐይቁ ዳር ለማንም ባለሀብት እስከ ውኃው መታጠር የለበትም።

ሐዋሳ የሲዳማ ሕዝብ ቤት መሆኗንም እንግዳው ሊዘነጋ አይገባም። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ጉዱማሌ በተባለው ስፍራ፣ ከሐይቁ አቅራቢያ ይከበራል። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው፤ ስለዚህ እንግዳው ቀኑን ጠይቆ፣ ጠብቆ ይመጣል እንጂ በራሱ የዕረፍት ቀን ልክ በዓል አይታዘዝለትም። ቄጣላ በተባለው የበዓሉ ጭፈራ መሐል እየተጋፉ ለቪዲዮ ቦታ መያዝ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ በዚያ ዕለት ልጆቻቸውን አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆርጡ ይመክራሉ፤ ቀርቦ ያዳመጠ እንግዳ ዳርቻውን እንዴት መያዝ እንዳለበት ከባለቤቶቹ አፍ ይሰማል።

ስለ ፌስታል በ2017 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል። ስለ ሃይላንዱ ሌላ አዋጅ መጠበቅ የለብንም። ሆቴሎች በየክፍሉ የሚያስቀምጡትን የፕላስቲክ ውኃ እየታጠበ በሚሞላ የመስተዋት ጠርሙስ ይተኩ። የከተማው አስተዳደር በሐይቁ ዳር ባሉት በፍቅር ሐይቅና በአሞራ ገደል በቂ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ያኑር፤ ሳይሞላም ያስነሣ፤ መኪናና ባጃጅ ሐይቁ ውስጥ የሚያጥቡትን ይከልክል፤ ማጠቢያ ቦታም ራቅ አድርጎ ይስጣቸው። የጀልባ ማኅበራት ከጉማሬ ስንት ሜትር መራቅ እንዳለባቸው ተስማምተው በየመሳፈሪያው ይለጥፉ። ይህን ሁሉ ለመጀመር የሚቀጥለው ጨምበላላ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ይበቃል።