ርዕሰ አንቀጽ፦ ነጻ የተሰጠውን እናንብብ፣ የተሰረቀውን እንተው



እንደሚታወቀው ዛሬ በዘነበወርቅና በአካባቢው ስማርት ስልክ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ጉሊት የምትሸጠው እናት፣ ታክሲ የሚነዳው አባት፣ ገና ሰባተኛ ክፍል የደረሰው ልጅ ሁሉ ስልክ ይዞ ይዞራል። ይህ ስልክ ቀኑን ሙሉ ለምን እንደሚውል ደግሞ መናገር አያስፈልግም፤ ሁላችንም ቤታችን የምናየው ነው። ይሁን እንጂ ያው ስልክ አንድ ሙሉ የመጽሐፍ መደርደሪያ እንደሚሆን፣ ያውም ያለ ክፍያና ሕግ ሳይጣስ፣ የሚያውቀው ሰው ብዙ አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ነው።

የመጽሐፍ ዋጋ እንደሆነ ይታወቃል። ወረቀቱም ማተሚያው ተወዶ፣ መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ሆኗል። መጽሐፍ ልግዛ ወይስ ዘይት ብሎ የሚያወጣ የሚያወርድ ወላጅ ዘይቱን ቢመርጥ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን የማያነብ ቤት የሚያጣው ነገር ቀስ እያለ ነው የሚታየው። ትልልቆቹ አባቶችና እናቶች እንደሚያስታውሱት፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ በየቀበሌው ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር ፊደል ይቆጥር ነበር። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት እስከማግኘት ደርሷል። ታዲያ ያን ጊዜ ፊደል ከለዩት ውስጥ ብዙዎቹ በኋላ የሚያነቡት አጥተው ፊደሉ ጠፍቶባቸዋል። ፊደል እንደ እርሻ መሬት ነው፤ ካላረሱት ዳዋ ይውጠዋል። ልጆቻችንም ላይ ይኸው እንዳይደርስ ያሰጋል።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ነዋሪ «መጽሐፍማ በቴሌግራም ሞልቷል፤ ምን ችግር አለው?» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፣ ሞልቷል። ችግሩ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። አንድ ደራሲ ዓመታት ደክሞ ይጽፋል፤ ከዚያ ተበድሮ ያሳትማል። መጽሐፉ ገበያ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንዱ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ፣ ፒዲኤፍ አድርጎ ይለቀዋል። ያን ፋይል ሺህ ሰው ለሺህ ሰው ያስተላልፈዋል። ደራሲው ደመወዝተኛ አይደለም፤ የሚኖረው ከሚሸጠው ቅጂ ነው። በለገሃርና በሜክሲኮ መጽሐፍ በክንዱ ደርድሮ ሲዞር የሚውለው ወጣትም እንጀራው ያው ቅጂ ነው። አባቶች «የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ዛሬ በነጻ አገኘን ብለን የምንልሰው፣ ነገ ደራሲው ሁለተኛውን መጽሐፍ ሳይጽፍ ሲቀር የምናጣው ነው። የሚጎዳው ደግሞ የራሳችን ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አንባቢው በዓለም ዙሪያ ነው፤ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ያለነው እኛ ነን።

«ድሃ ነኝ፣ መግዣ የለኝም» የሚል ሰው ምክንያቱ እውነተኛ ነው፤ አንንቀውም። ለእሱ መልሱ ሕጋዊው ነጻ መጽሐፍና ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ብዙ ሰው ወመዘክር እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። በ2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ። ታክሲ ተሳፍሮ እዚያ ድረስ መሄድ ለማይመቸው ደግሞ ስልኩ አለ።

ሕጉ ምን ይላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው፣ የአንድ ድርሰት የገንዘብ ጥቅም ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ የእሱ ነው፤ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ከዚያ በኋላ የሁሉም ይሆናል። ስለሆነም ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ደራሲው ባረፈበት ዓመት ላይ 50 መደመር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. በስደት እንግሊዝ አገር አረፉ፤ 50 ሲደመር 1981 ይሆናል። ስለዚህ «ወዳጄ ልቤ»ን የመሰሉ ሥራዎቻቸው የሁላችንም ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። በመሆኑም «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ ባለቤት አለው፤ በቴሌግራም ሲዞር ብናየውም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ሕጉን የጣሰ ሰው እስከ እስራት የሚያደርስ ቅጣት አለበት።

እንግዲህ በሕጋዊ መንገድ በነጻ የሚገኙት መጻሕፍት የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ) ዘመናቸው ያለፈ የቀድሞ መጻሕፍት። የኅሩይ ሥራዎች፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው ልብ ወለድ፣ እንዲሁም የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። በቅርቡ የታተመው እትም መቅድምና ማብራሪያ ተጨምሮበት ከሆነ፣ የተጨመረው ነገር የጨመረው ሰው ንብረት ነው። ስለዚህ የጥንቱን እትም መፈለግ ይሻላል።

2ኛ) የአገር ሕግ። በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ አዋጅ የቅጂ መብት የለበትም፤ ማንም አውርዶ ሊያነበው፣ ለጎረቤቱም ሊልከው ይችላል። ለእኛ ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተከራይና አከራይ ሲጨቃጨቁ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በእጅ ቢኖር፣ ሠራተኛ ከሥራ ሲባረር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቢነበብ፣ በባልና ሚስት ነገር የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992 ቢታይ፣ ስንት ክርክር በሰሚ ሰሚ ከመሄድ ይድናል።

3ኛ) የመማሪያ መጻሕፍት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ እንዳልደረሰ ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ትምህርት ሚኒስቴርና ትምህርት ቢሮዎች የተማሪ መጻሕፍትን በሶፍት ኮፒ ለቀዋል። ይህ የተፈቀደ ነው። ወላጆች የልጃችሁን መምህር ጠይቃችሁ ትክክለኛውን ክፍልና እትም ማውረድ ትችላላችሁ።

4ኛ) ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ፈቅደው የለቀቋቸው። ለሕፃናት የሚሆኑ ተረቶችን በአፍሪካ ቋንቋዎች የሚያወጣ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ሥራ አለ፤ በአማርኛም ይገኝበታል። ብሉም ላይብረሪ የሚባለውም እንደዚሁ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ላይ «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የሚል ፈቃድ ታገኛላችሁ። ትርጉሙ ባለቤቱ አንብቡ፣ አካፍሉ ብሏል ማለት ነው። ገጻቸው አጭር፣ ሥዕላቸው ብዙ ስለሆነ ማንበብ ለሚጀምር ልጅ ተስማሚ ናቸው።

5ኛ) የውጭ ቋንቋ መጻሕፍት። በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ዘመናቸው ያለፈ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት አሉት፤ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። የሳሙኤል ጆንሰን «ራሰላስ»፣ በ1759 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ የሐበሻ መስፍን የተጻፈው ልብ ወለድ፣ እዚያ ይገኛል። እንግሊዝኛ ለሚያጠኑ የ2ኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥሩ መለማመጃ ነው። የአማርኛ ትርጉም ግን ራሱን የቻለ መብት አለው። የእንግሊዝኛው ነጻ ሆነ ማለት ትርጉሙም ነጻ ሆነ ማለት አይደለም።

ሌላው ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ነው። የጥንት መጻሕፍት በብዛት የሚገኙበት ትልቅ ጎተራ ነው፤ ብዙ የቆዩ የኢትዮጵያ መጻሕፍትም አሉበት። ነገር ግን እዚያ ማንም ሰው ፋይል መጫን ስለሚችል፣ እዚያ መገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ድርጅቱ ራሱ ባለቤት ያላቸውን መጻሕፍት እየገለበጠ በማዋሱ በአራት አሳታሚዎች ተከስሶ በ2023 እ.ኤ.አ. ተፈርዶበታል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ይግባኙም ውድቅ ሆኗል። ስለዚህ እዚያም ቢሆን ደራሲው ያረፈበትን ዓመት አይቶ ሒሳቡን መሥራት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። መጀመሪያ የማንበቢያ መተግበሪያ ያስፈልጋል። «ሪድኢራ» የሚባለው በነጻ ይገኛል፤ ፒዲኤፍም ኢፐብም ይከፍታል። ሁለቱ የፋይል ዓይነቶች ልዩነት አላቸው። ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ የገጽ ፎቶ ሲሆን ከባድ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ ብቻ ብዙ ዳታ ሊበላ ይችላል። ኢፐብ ግን በአብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነ አንድ ሜጋባይት እንኳ የማይሞላ ብዙ አለ፤ ፊደሉንም እንደፈለጉ ማተለቅ ይቻላል። ምርጫ ካለ ኢፐቡን ውሰዱ። አንድ ጊዜ የወረደ መጽሐፍ ከዚያ ወዲያ ካርድ አይጠይቅም። ነጻ የሆነውን ደግሞ አንዱ አውርዶ ለጎረቤቱ በብሉቱዝ ቢልክለት ዳታው ይቆጠባል።

በአማርኛ ስትፈልጉ የፊደሉን ነገር አትርሱ። ስልኩ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ናቸው ብሎ አያውቅም። ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም እንደዚሁ ናቸው። «ኅሩይ» ብላችሁ ካላገኛችሁ «ኀሩይ»፣ «ሕሩይ»፣ «ህሩይ» እያላችሁ ሞክሩ። በላቲን ፊደል መጻፍም አንዳንዴ ያዋጣል፤ የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የሚመዘግቡት በዚያ ነውና።

ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ደራሲው ማን ነው፣ መቼ አረፈ? ማን ነው የለቀቀው፣ ፈቃዱስ የት ተጽፏል? የፋይሉ መጨረሻ ምን ይላል? ፋይሉ «ኤፒኬ» የሚል ከሆነ መጽሐፍ አይደለም፣ ስልካችሁ ውስጥ የሚገባ ፕሮግራም ነው፤ አትጫኑት። መጽሐፍ ላውርድ ስትሉ የቴሌብር የይለፍ ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ የሚጠይቃችሁ ካለ ሌባ ነው። መጽሐፍ የይለፍ ቁጥር አይጠይቅም።

አንድ ነገር ለብቻው እንጨምር። ሰፈራችን ከአለርት ጋር አብሮ የኖረ ሰፈር ነው። በሥጋ ደዌ ምክንያት ጣታቸው ወይም ዓይናቸው የተጎዳ አባቶችና እናቶች አሉን። ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ገጽ መግለጥ ለእነሱ ችግር ነው። ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ፊደሉን አተልቆ፣ በጣት ጎን ወይም በእጅ አንጓ ገፋ እያደረጉ ማንበብ ግን የሚቻል ነው፤ ስልኩ የሰው ገላ እስከነካው ድረስ ይታዘዛል። ጨርሶ ማየት ለተሳናቸው ደግሞ ለዓይነ ስውራን የሚነበብ ቅጂ ማዘጋጀትን የሚፈቅድ የማራኬሽ ስምምነት የሚባል አለ። ኢትዮጵያም በ2020 እ.ኤ.አ. ገብታበታለች። ያ ሥራ በሰፊው እስኪደርሰን ድረስ በየቤቱ ያለው ልጅ ለአያቱ በቀን አምስት ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ልጁ ንባብ ይለምዳል፣ አያቲቱም መጽሐፉን ይሰማሉ።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። በየቤቱ አንድ ነጻ መጽሐፍ ስልክ ላይ ይግባ። ወጣቶች ስልክ መነካካት የሚከብዳቸውን ጎረቤቶቻችሁን አግዙ። የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የተሰረቀ መጽሐፍ የሚለጥፍ ሰው ካለ፣ ሳናሳፍረው «ይህ ባለቤት አለው» እንበለው። አቅም ያለን ደግሞ በዓመት አንድም ቢሆን የአማርኛ መጽሐፍ እንግዛ፤ ካነበብነው በኋላ ለጎረቤት እናውሰው። ገዝቶ ማዋስን ማንም ሕግ አይከለክልም፤ አባቶቻችንም ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

የተፈቀደልንን እናንብብ፤ የሰው ልፋት እናክብር!

የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ
ዘነበወርቅ