ልጆቹ አይደውሉልንም፤ እኛ እንደውልላቸው

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ የቀድሞ ጎረቤታችን ልጅ ከአገር ቤት ደወለልኝ። አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ተቀብሎታል፤ የትምህርቱን፣ የመኝታውንና የምግቡን ወጪም ሙሉ በሙሉ ችሎለታል። የቀረው የሴቪስ ክፍያ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚመዘግብበት) 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላርና የአውሮፕላን ቲኬት ነበር። ሲደውልልኝ ግን ትምህርት ሊጀመር ቀናት ቀርተውታል፤ የኤምባሲ ቀጠሮ እንኳ አልያዘም።

«ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ለማስቸገር አፍሬ ነው፣ ጋሼ።»

የሴቪስ ክፍያ በኢንተርኔት፣ በካርድ ይከፈላል። የግድ ተማሪው ራሱ መክፈል የለበትም፤ ሌላ ሰው ሊከፍልለት ይችላል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ካርዴ ኪሴ ውስጥ፤ እሱ እዚያ፣ ይሉኝታ አፉን ይዞት። በዚያ አሥር ደቂቃ እጦት የአራት ዓመት ትምህርት አመለጠው።

ወገኖቼ! በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ በሚኒያፖሊስና በሲያትል፣ በፍራንክፈርትና በለንደን ያላችሁ! ልጆቹ አይደውሉልንም። እንዳያስቸግሩ አድርገን አሳድገናቸዋል። ስለዚህ እኛ እንደውል።

የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍነው ትልቁ ገንዘብ አለ። ይህን ለእያንዳንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ንገሩ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝና ቦውደን የውጭ አገር ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከተቀበሉት ደግሞ የጎደለውን ይሞላሉ። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት እየሠራ ይማራል። መግባቱ ቀላል አይደለም፤ ፉክክሩ ከዓለም ሁሉ ጋር ነው። ግን የእኛ ልጆች የሚቀሩት በፉክክሩ ተሸንፈው ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ሳይወዳደሩ ይቀራሉ። የሚያስቀራቸው ትንሹ ገንዘብ ነው፤ የሚያስቀራቸው የሚነግራቸው ሰው ማጣት ነው።

ትንሹ ገንዘብ ደግሞ እዚያ ትንሽ አይደለም። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ያኔ ሴቪስና ቪዛ ተደምረው ሠላሳ ሺህ ብር ገደማ ይመጡ ነበር። ዛሬ ዶላሩ ከመቶ ብር በላይ ነው፤ ያው 535 ዶላር ከሃምሳ ሦስት ሺህ ብር በላይ ሆኗል። በላዩ የእንግሊዝኛ ፈተናው አለ። በላዩ ቲኬቱ አለ። ብሩ ቢገኝ እንኳ፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይምጣ?

ሃያ ሰው ሁኑ። ዕቁብ መጣል ታውቁበታላችሁ፤ ማኅበር መጠጣት ታውቁበታላችሁ። ሃያ ሰው በወር 30 ዶላር ቢያዋጣ 600 ዶላር ነው፤ የአንድ ተማሪ ሴቪስና ቪዛ ተከፍሎ ይተርፋል። በየወሩ አንድ ልጅ! ሰብሳቢ ምረጡ፣ ገንዘብ ያዥ ምረጡ፣ ዛሬ ጀምሩ።

ጀርመን ያላችሁ፣ የእናንተ ሥራ ሌላ ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ሆኖም ለቪዛው ተማሪው የአንድ ዓመት መኖሪያ፣ 11,904 ዩሮ፣ በዝግ ሒሳብ እንዲያስይዝ ይጠየቃል። የትኛው የመምህር ልጅ ይህን ያመጣል? በቂ ገቢ ያለው የጀርመን ነዋሪ ግን ዋስ ሆኖ በመፈረም ያንን ገንዘብ መተካት ይችላል። ከባድ ፊርማ ነው፤ የልጁ ወጪ ወደ ፈራሚው ሊመጣ ይችላልና። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን አይፈርም። አንዱ ይፈርም፣ ዘጠኙ ከኋላው ይቁሙ።

ገንዘብ የሌላችሁ ጊዜ ስጡ። የቤተሰቡን ገቢ በዶላር ሙላ የሚል ፎርም ፊቱ ሲቀርብ፣ አባቱ ገበሬ የሆነ ልጅ ምን ይጻፍ? የተሸጠውን ጤፍ? የታረደውን በግ? ቤት የተበላውን እህል? ደሞዝ የለ፣ ደረሰኝ የለ። ብዙ ልጅ እዚህ ገጽ ላይ ደርሶ ኮምፒዩተሩን ይዘጋል። አጠገቡ ሁኑ። በስልክም ቢሆን አጠገቡ ሁኑ። ስንት ኩንታል ተመረተ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ በስንት ተሸጠ እያላችሁ አብራችሁ አስሉ፤ እውነቱን ጻፉ፤ ገበሬነቱን በግልጽ አስረዱ። ብዙ ኮሌጆች በሚጋሩት የማመልከቻ ድረ ገጽ፣ በኮመን አፕ ላይ፣ የማመልከቻ ክፍያው እንዲነሣለት መጠየቅ እንደሚችል ንገሩት። የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት አማካሪ ኤዱኬሽን ዩኤስኤ በነጻ እንደሚያማክር ንገሩት።

እናንተ ካልነገራችሁት ደላላው ይነግረዋል። ደላላው በነጻ የሚገኘውን ፎርም ይሸጥለታል። ደላላው የባንክ ስቴትመንት ያከራየዋል። ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ሰው ደግሞ ለዘለቄታው ከአሜሪካ ቪዛ ሊታገድ ይችላል፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ሌላ ሰው ባዘጋጀለት ወረቀት! ላም ሸጣችሁ ለደላላ የምትከፍሉ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ውጭ ያለ አንድ ዘመድ ጠይቁ። እኛም ስንጠየቅ ስልክ እናንሣ።

መምህራን ሆይ፣ ያለ እናንተ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። «ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ነው» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ልጁን ከሺህ ጎበዞች አይለየውም። ያያችሁትን ጻፉ። መብራት በጠፋበት ሳምንት ክፍሉን ሰብስባ ሒሳብ ያስጠናችውን ልጅ፣ ያንን ሳምንት ጻፉላት። ርዕሳነ መምህራን፣ ትራንስክሪፕት ሲጠየቅ «ነገ ና» አትበሉ። ነገ የለውም።

ቀኑን እዩት። ቀድሞ የሚያመለክት እስከ ጥቅምት 22 ያመለክታል። የብዙዎቹ ኮሌጆች መደበኛ ማብቂያ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው፤ ገና ሳይደርስ አብዛኛው ያልቃል። ድርሰቱ ይጻፋል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይጻፋል። ፈተናው ይያዛል። ደብዳቤው ይላካል። መስከረም ላይ ያልጀመረ ይዘገያል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደውሉ። ለአክስታችሁ ልጅ ደውሉ። ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ደውሉ፤ «ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ የወጣችው ማን ናት?» በሉ። ስሟን ጻፉ። ስልኳን ጻፉ። እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ አትጠይቃችሁም።

ያ የጎረቤታችን ልጅ ዘንድሮ እንደገና ያመለክታል። በዚህ ዓመት ቀድሜ የደወልኩት እኔ ነኝ። ድርሰቱን በየእሑዱ አብረን እናያለን። ሴቪሱን በእኔ ካርድ እከፍላለሁ፤ ቪዛውን እህቴ ይዛለች።

ቲኬቱን ማን ይያዝ?