ከቤት ሠራተኝነት እስከ መቶ ሕፃናት እናትነት

አንዱን ልጅ አዝሎ ሌላውን በእጅ ይዞ ከገበያ መመለስ እንዴት እንደሚያደክም ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግላዲስ ኤልዋርድ ግን አንድ መቶ ያህል ሕፃናት አስከትላ ተራራ አቋርጣለች።

ይህች ሴት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ለንደን ተወልዳ በሰው ቤት ሠራተኝነት ያደገች ናት። ሚስዮናውያኑ «ቻይንኛ ለመማር አትበቂም» ብለው ቢመልሷት፣ ከደመወዟ ቆጥባ በባቡር ተጉዛ ሻንሲ ክፍለ ሀገር፣ ያንግቼንግ ከተማ ገባች። እዚያም የሴት ልጆች እግር በጨርቅ ተጠፍሮ እንዳይሰባበር በመንግሥት ተቆጣጣሪነት እየዞረች ሠራች፤ ይህ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። በ1936 የቻይና ዜግነት አገኘች።

በ1940 የጃፓን ጦር ሲገፋ፣ ጦርነት ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት ይዛ ወደ ሲያን ተነሣች። ዋናው መንገድ ስለሚያሰጋ በተራራ ሄዱ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን አዘሉ፤ ስንቅ አለቀ፤ የጨርቅ ጫማቸው ተበጣጠሰ። ቢጫው ወንዝ ሲደርሱ ደግሞ ጀልባ ጠፋ። የሚያሻግራቸው አጥተው ከቆዩ በኋላ የቻይና ወታደሮች ደረሱላቸው። ግላዲስ ሕፃናቱን ለደኅና ቦታ ካበቃች በኋላ ራስዋ በተስቦ ወደቀች።

በ1958 ኢንግሪድ በርግማን የተጫወተችበት ፊልም የፍቅር ታሪክ ስለ ጨመረባት ግላዲስ አዝናለች፤ እውነትም ነው፣ መቶ ሕፃን የተራበበት ሌሊት ምን ማጣፈጫ ያሻዋል? እስከ ዕለተ ሞትዋ እስከ 1970 ድረስ በታይዋን ወላጅ አልባ ሕፃናት ስታሳድግ ኖረች።