የግሉታሜት ፋይል አይዘጋ

በፓርኪንሰን ሕክምና ዘወትር ስሙ የሚነሳው ዶፓሚን ነው። በሽታው ዶፓሚን የሚያመነጩትን የአንጎል ሴሎች ያመነምናል፤ የጎደለውን የሚተካው ሌቮዶፓም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሕመምተኞችን በእግራቸው አቁሟል። ነገር ግን ዶፓሚን ሲጎድል ሌላው የአንጎል መልእክተኛ፣ ግሉታሜት፣ ልጓሙን ይበጥሳል። ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ ከሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል የሚነሳው ቀስቃሽ መልእክት ከልክ ያልፍና ሰውነት ይገተራል፤ እርምጃም ይከብዳል። የዚህ ዝግጅት ክፍል አቋም ግልጽ ነው፦ በግሉታሜት ተቀባዮች ላይ የተጀመረው ምርምር ጥቂት ሙከራዎች ስለከሸፉ ብቻ መተው የለበትም።

መንገዱ የተገኘው በአጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ፓርኪንሰን ያለባት አንዲት የ58 ዓመት ሴት ኢንፍሉዌንዛ እንዳይዛት አማንታዲን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ትወስድ ነበር። ግትርነቱ ለቀቃት፣ መንቀጥቀጡም ቀነሰላት፤ መድኃኒቱን ስታቆም ሁሉም ተመልሶ መጣባት። ይህን ለሐኪሞቿ ባትናገር ኖሮ ነገሩ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። የቦስተኑ ሐኪም ሮበርት ሽዋብና ባልደረቦቹ ቃሏን ንቀው አላለፉትም። በ163 ሕመምተኞች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ1969 አሳተሙ። አማንታዲን ኤንኤምዲኤ የተባለውን የግሉታሜት ተቀባይ እንደሚያግድ የታወቀው ግን ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ዛሬ አማንታዲን በዋናነት የሚፈለገው ሌቮዶፓ ራሱ ለሚያመጣው ችግር ነው። መድኃኒቱን ለዓመታት የወሰደ ሰው ክኒኑ ሥራ በጀመረ ሰዓት አንገቱና እጁ ያለ ፈቃዱ ይወራጫሉ፤ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ወጡ ልብሱ ላይ ይፈሳል። ዲስኪኔዥያ የሚባለው ይህ ነው። ቀስ እያለ የሚለቀቀውን የአማንታዲን ዓይነት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚሁ ችግር በ2017 ፈቅዷል።

ከአማንታዲን ወዲያ የተሞከሩት አዳዲስ መድኃኒቶች ግን አልሆኑም። አምፓ የተባለውን ተቀባይ የሚያግደው ፔራምፓነል ለፓርኪንሰን ሳይበጅ ቀርቶ ለሚጥል በሽታ ዋለ። የመድኃኒት ኩባንያው ኖቫርቲስ የማቮግሉራንትን ሙከራ በ2013 አቆመ፤ የሉንድቤክ ፎሊግሉራክስም በ2020 ከባዶ ክኒን መብለጡን ማሳየት አልቻለም። ችግሩ ቀላል አይደለም። ግሉታሜት ለመማርም ለማስታወስም የሚያስፈልግ ስለሆነ፣ ጨክኖ የሚያግደው መድኃኒት ቅዠትና መደናገር ያመጣል። በዚያ ላይ ዲስኪኔዥያ በባዶ ክኒንም ጭምር ሻል ሊል ስለሚችል ልዩነቱን መለካት አስቸጋሪ ነው። ይህ ሁሉ የሚያሳየው መለኪያውና የሕመምተኛ አመራረጡ መታረም እንዳለባቸው ነው፤ ሐሳቡ ሐሰት መሆኑን አያሳይም። አማንታዲን ሠርቷልና።

ስለዚህ ኩባንያዎቹ የከሸፉትን ሙከራዎች ሙሉ መረጃ፣ የእያንዳንዱን ተሳታፊ ውጤት ስሙን ሸሽገው፣ ለተመራማሪዎች ይክፈቱ። ሕመምተኞቹ ሰውነታቸውን ለሙከራ የሰጡት መረጃው መሳቢያ ውስጥ እንዲቀር አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ለፓርኪንሰን ሌቮዶፓን ከካርቢዶፓ ጋር እንዲሁም ባይፔሪደንን ሲያሰፍር አማንታዲንን አላካተተም። እኛ መካተት አለበት እንላለን፤ ከጥንቃቄው ጋር። መድኃኒቱ የሚወገደው በኩላሊት በኩል በመሆኑ ኩላሊቱ ለደከመ አዛውንት መጠኑ ይቀነስ፤ ማቆም ሲያስፈልግም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ቀን አይቋረጥ።